እርቁም ይሁን፣ ካሳውም አይቅር

ቆይ እስቲ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪውና ወረቀቱን አብረን እናንብበው። ከትከሻሽ በላይ ሆኜ ሳየው የመጨረሻዋ መስመር ደስ አላለችኝም። «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም» ትላለች። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ብርቱካንና ጁስ ይዘው እቤትሽ ድረስ መጥተዋል። የገጨሽ ሚኒባስ ሹፌር እናትም እንባቸውን አፍስሰዋል። እግርሽ ግን ገና ጀሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ብረቱ መቼ እንደሚወጣ፣ እንደ ድሮው ትራመጂ እንደሆነም አልነገረሽም። ልኩ ያልታወቀ ጉዳት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ አይሸጥም።

ይቅር አትበዪ አልወጣኝም። ይቅርታ ሌላ፣ ካሳ ሌላ ነው። ቂም አለመያዝሽ የነፍስሽ ጉዳይ ነው፤ የሕክምና ወጪሽንና የቀረብሽን ገቢ ማስመለስ ደግሞ የኑሮሽ ጉዳይ ነው። አንዱን ሰጠሽ ማለት ሌላውን ተውሽ ማለት አይደለም። በአገራችን ካሳ የሚቀረው ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በይሉኝታና በመዘግየት ነው።

ሽማግሌዎቹ ለምን እንደቸኮሉም ልንገርሽ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አጥፊው ከልቡ መጸጸቱን፣ በተለይም የበደለውን ሰው መካሱን ቅጣት ማቅለያ ያደርግለታል። ስለዚህ ያንቺ ፊርማ ለሹፌሩ ትልቅ ዋጋ አለው። ይህ ነውር አይደለም፤ እነሱ ዋጋውን እንደሚያውቁት አንቺም እወቂው ማለቴ ነው። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ በተስማሚዎቹ መካከል ለተደረገ እርቅ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያለ ኃይል ይሰጠዋል። ከፈረምሽ በኋላ «እግሬ ሳይድን ቀረ» ብለሽ ብትመለሺ በሩ ተዘግቶ ነው የምታገኚው።

ገንዘብ ካመጡልሽ ተቀበዪ፣ ሕክምናው ይቀጥል። ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ ብለሽ አስጽፊ፦ «ለሕክምና ወጪ የሚውል ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ ገንዘቡ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ ይታሰባል፤ ቀሪው የካሳ መብቴ የተጠበቀ ነው።» ይህን ለመጻፍ እምቢ ካሉ የመጡት ለእርቅ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል። ከተስማሙ ደግሞ ቅጂውን አንቺ ጋ አስቀሪ።

አሁን ደግሞ ትናንት ማታ ያልሽኝን ላንሳው። «ሹፌሩ ድሃ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ከየት አምጥቶ ይከፍለኛል?» አልሽኝ። ማዘንሽ ደግ ነው፤ ግን ዕዳውን የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የጻፍሽው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያውም እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ባለንብረቱ ከኃላፊነት አይወጣም። የሚያመልጠው አደጋው ሲደርስ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ፣ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ከሆነ ነው። የተጎጂው ጥፋት በከፊል ከሆነም ካሳው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ባለንብረቱ አጥፍቷል ብለሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ሚኒባሱ የእሱ መሆኑንና ጉዳቱን ሚኒባሱ ማድረሱን ማስረዳት ይበቃል። ስለዚህ ከሹፌሩ ስም ይልቅ መጀመሪያ የምትፈልጊው የባለንብረቱን ስም ነው። ሰሌዳውን ከነኮዱና ከነክልሉ ከያዝሽ የባለንብረቱ ስም ከአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይገኛል።

ከባለንብረቱ ጀርባ ደግሞ መድን ሰጪው አለ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት የለበትም፤ መስታወቱ ላይ የምታዪው ተለጣፊም የዚያ ማስረጃ ነው። አዋጁ ሲወጣ መድን ሰጪው ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የሚከፍለው እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያው የሚሻሻል ነገር ነውና አንቺ አደጋው በደረሰብሽ ቀን የሚሠራው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው። የመድን ድርጅቱ ጣሪያ ያንቺ የካሳ ጣሪያ አይደለም። ጉዳትሽ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከባለንብረቱ ትጠይቂያለሽ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ «ሕጉ የሚለው ይሄን ብቻ ነው» ቢልሽ የእሱን ድርጅት ድርሻ እየነገረሽ ነው፤ ያንቺን መብት በሙሉ እየነገረሽ አይደለም። «ጉዳዩ ተጠናቋል» የሚል ሰነድ አስፈርሞ ሊከፍልሽ ከፈለገም ያው የሽማግሌዎቹን ወረቀት እንደምታነቢው አድርገሽ አንብቢው፤ ነጻ የሚያወጣው ድርጅቱን ብቻ ነው ወይስ ባለንብረቱንም ጭምር?

መኪናው ገጭቶ ቢያመልጥስ? መድን ባይኖረውስ? ለዚህ የመድን ፈንድ አለ፤ አሁን የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው መኪና ሰው ላይ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ካደረሰ ፈንዱ ይክሳል። የተሰበረ ስልክ ወይም የተቀደደ ልብስ ግን አይተካም። አስቸኳይ ሕክምናም እንዲሁ በአዋጁ የታሰበበት ነው፤ አዋጁ ሲወጣ ወጪው እስከ 2 ሺህ ብር እንዲሸፈን አድርጎ ነበር። የጤና ተቋሙም በመኪና የተገጨ ሰው ሲመጣለት አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን የምነግርሽ ነገ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ብታዪ «ገንዘብ የለውም» ብለሽ እንዳትቆሚ ነው።

ወደ ማስረጃ እንምጣ፤ ፍርድ ቤት የሚያምነው ያመመሽን ሳይሆን ያስረዳሽውን ነውና። የመጀመሪያው ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን ነው። ሚኒባሱ የቆመበት፣ አንቺ የወደቅሽበት፣ ዜብራው ያለበት እዚያ ላይ ይሠፍራል። ሄደሽ እዪው፤ ዜብራ ላይ ሳለሽ ተገጭተሽ ፕላኑ ከዜብራ ውጭ ካስቀመጠሽ ዛሬውኑ ተናገሪ፣ ምስክሮችሽንም አስመዝግቢ። ሁለተኛው የሕክምና ማስረጃ ነው። ስትገቢ የተጻፈው ካርድ፣ ራጁ፣ የቀዶ ጥገናው ማጠቃለያ ሁሉ ይሰብሰብ። ሕክምናው ሲያበቃ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ዘላቂ ጉዳት ቀርቶ እንደሆነ በመቶኛ ይወስናል። ካሳው የሚሰላበት ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው፤ እስኪወሰን ድረስ ሙሉ እርቅ አትፈርሚ የምልሽም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ደረሰኝ ነው። የመድኃኒት፣ የራጅ፣ የክራንች፣ ወደ ሐኪም የሄድሽበት የታክሲ። ደረሰኝ የማይሰጥ ካለ ቀኑንና ብሩን በደብተር ጻፊ። ደመወዝተኛ ከሆንሽ ከመሥሪያ ቤትሽ ስንት ቀን እንደቀረሽና ስንት እንደተቆረጠብሽ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። አንቺ ግን ልብስ እየሸጥሽ ነው የምትኖሪው፣ የፔሮል ወረቀት የለሽም። ስለዚህ የቴሌብርና የባንክ ገቢሽን የ6 ወር ታሪክ አውጪ፣ የግብር ደረሰኝሽንም ጨምሪበት። እማዬ አንቺን ለማስታመም ጉሊቷን ትታ መምጣቷም ይጻፍ። አራተኛው ምስክር ነው። ያነሱሽን ሰዎች ስልክ ዛሬ ካልያዝሽ ከ6 ወር በኋላ የት ታገኚያቸዋለሽ? ደግሞ «ተመስገን ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» እያልሽ ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ። ለዘመድ በስልክ ንገሪ፤ የለጠፍሽው ነገር ነገ በክርክር መካከል ሊነሳብሽ ይችላል።

ካሳው ምን ምን ይይዛል? የሕጉ መሠረት ቀላል ነው፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። እስካሁን የወጣው አለ፤ የቀረብሽ ገቢ አለ፤ ወደፊት መምጣቱ የተረጋገጠ ጉዳትም አለ፣ ለምሳሌ ብረቱን ለማውጣት የሚያስፈልገው ሁለተኛ ቀዶ ጥገና። የወደፊቱን እስኪደርስ ሳትጠብቂ ከአሁኑ መጠየቅ ትችያለሽ። መጠኑን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ሊወስን ይችላል፤ ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤትም ሆነች ተማሪ «ገቢ የለኝምና ካሳ የለኝም» ብላ መቅረት የለባትም። ሰው ከሞተ ደግሞ በሟቹ ይረዱ የነበሩ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ለመተዳደሪያቸው ካሳ ይጠይቃሉ።

የሕሊና ጉዳት ካሳም በሕጉ ውስጥ አለ፤ ከ1,000 ብር ግን አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ አቤቱታሽን በሥቃይሽና በእንባሽ ላይ ብቻ አትገንቢው። ክብደቱን በወጪሽ፣ በቀረብሽ ገቢና ወደፊት በምታጪው የሥራ አቅም ላይ አድርጊው። የጠበቃ ጉብዝናም በብዛት የሚታየው እዚሁ ስሌት ላይ ነው።

መኪና ብቻ አይደለም ሰው የሚጎዳው፤ የጎረቤትሽ ልጅ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ እጁ መሰበሩን ነግረሽኝ ነበር። እሱ የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ ሰክሮ ካልነበረ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ በቀር «ራስህ ነህ ያልተጠነቀቅከው» ብሎ መሸሽ አይችልም። ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት 75 በመቶው፣ ከዚያ ለ6 ወራት 50 በመቶው ይከፈለዋል። ድርጅቱ በሚሰጠው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበትም እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። «ውል አልፈረመም፣ የቀን ሠራተኛ ነው» ቢሉት ዝም አይበል፤ መሥራቱ በምስክርም ይረጋገጣል። ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ግን ንገሪው፤ ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ በመርሕ ደረጃ የይርጋ ጊዜው 1 ዓመት ብቻ ነው። የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ውስጥ አትገባም፤ እሷ መብቷን የምትፈልገው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ስለዚህ ዘይት ፈልቶባት የተቃጠለች የቤት ሠራተኛ «ለእናንተ ሕግ የለም» የሚላትን ሰው አትስማ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንገርሽ፣ ሰው «ዕድሌ ነው» ብሎ የሚተዋቸው እነሱን ነውና። የጎረቤት ውሻ ከነከሰሽ ባለቤቱ ይከፍላል፤ «ሰንሰለቱን በጥሶ አምልጦኝ ነው» ማለቱ አያድነውም። ከፎቅ ላይ ዕቃ ወድቆ ከመታሽ ቤቱን የያዘው ሰው ይጠየቃል። አጥር ወይም ግድግዳ ከተናደብሽ የሕንፃው ባለቤት አለ። ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር የሚያከማች፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ የመሬትን አቀማመጥ የሚለውጥ ሁሉ ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ሳይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አይወጣም። ለትርፍ ተመርቶ ለሕዝብ የቀረበ ዕቃ በወጉ ስትገለገዪበት ከጎዳሽ አምራቹን መጠየቅ ትችያለሽ።

የሕክምና ስህተት ከሁሉም ይከብዳል። ሰው ታክሞ ስላልዳነ ብቻ ሐኪሙ አጥፍቷል አይባልም፤ የሙያውን ደንብ መጣሱ መታየት አለበት። ይህን የሚመዝኑት የሙያ ሰዎች ስለሆኑ አቤቱታው ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም ይቀርባል። ኃላፊነቱ ግን በሐኪሙ ወይም በነርሷ ብቻ አይቆምም፤ ሠራተኞቹ በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት ሆስፒታሉም በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠርሽ ከክርክር በፊት የሕክምና ካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በየሰፈሩ ሰው የሚሳሳትበት። ሹፌሩ በወንጀል ተከሷል ማለት ካሳሽ እየመጣ ነው ማለት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ የሚከራከረው ለቅጣት ነው። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የካሳ ጥያቄሽ ከወንጀል ክሱ ጋር እንዲታይልሽ ማመልከት ትችያለሽ፤ ካላመለከትሽ ግን ማንም አስታውሶ አይጠይቅልሽም። ሌላ ምርጫሽ በፍትሐ ብሔር ለብቻው መክሰስ ነው። ሹፌሩ በወንጀል «ነጻ ነህ» ቢባል እንኳ ተስፋ አትቁረጪ። የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይታሰርም፤ የባለንብረቱ ኃላፊነት ደግሞ ቀድሞውንም በሹፌሩ ጥፋት ላይ የቆመ አልነበረም።

ይርጋው 2 ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰብሽ ቀን ጀምሮ። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል። አንቺ ግን በዚያ አትተማመኚ፤ 2 ዓመት ብቻ እንዳለሽ አድርገሽ ኑሪ። ጊዜን የሚበላው ደግሞ ተስፋ ነው፦ «ሽማግሌዎቹ ከበዓል በኋላ እንመለሳለን ብለዋል»፣ «ባለንብረቱ መኪናውን ሸጦ ሊከፍለኝ ነው»፣ «ኢንሹራንሱ ፋይሉን እያየው ነው»። ከእነሱ ጋር እየተነጋገርሽ ክስሽን አዘጋጂ። ክስ መክፈት የእርቅን በር አይዘጋም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዋጋ ያለው እርቅ የሚመጣው መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ነው።

«ጠበቃ በምን አቅሜ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል ካልቻልሽ ፍርድ ቤቱ በደሃ ደንብ እንድትከሺ እንዲፈቅድልሽ ማመልከት ትችያለሽ፤ ሕጉ የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማእከላት አሏቸው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ጠበቃ ከያዝሽ ፈቃዱን ጠይቂ፣ ስለ ክፍያው በጽሑፍ ተዋዋዪ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጻፍ፣ ገንዘቡም በስምሽ ባለው አካውንት እንዲገባ ይሁን። ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ «ካሳሽን እኔ አስጨርስልሻለሁ፣ ግማሹን ትሰጪኛለሽ» ለሚል ደላላ ውክልና አትስጪ። ውክልና ከሰጠሽው በስምሽ ተደራድሮ፣ በስምሽ ፈርሞ፣ በስምሽ ሊቀበልም ይችላል።

ሥራውን እንከፋፈለው። የመታወቂያሽን ቅጂና የሕክምና ካርድ ቁጥርሽን ስጪኝ፤ ሰኞ ጠዋት እኔ ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ፕላኑ ምን እንደሚል አያለሁ፣ የባለንብረቱንና የመድን ድርጅቱን ስም ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ደግሞ ተኝተሽም ቢሆን ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አድርጊያቸው፣ ያነሳሽን ልጅ ደውለሽ ስሙንና አድራሻውን ጠይቂው፣ የቴሌብር ታሪክሽን አውጪ። ለሽማግሌዎቹም ስልክ ደውዪና በአክብሮት ንገሪያቸው፦ ለሹፌሩ ቂም እንደሌለሽ፣ እርቁንም እንደምትፈልጊ፣ የካሳው ንግግር ግን የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ከመጣ በኋላ ባለንብረቱ ባለበት እንዲሆን።